ለዘማች አባቶች በነፃ መሥራት ለምትፈልጉ፦ ከጣሪያው ጀምሩ

ወደ ኮሪያ ዘማቾች ወይም ወደ አርበኞች ማኅበር ለበጎ ፈቃድ የሚመጡ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ሐሳብ ይዘው ነው የሚመጡት። ሙዚየም፣ ዘጋቢ ፊልም፣ ትልቅ ጉባኤ። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ጊዜ የለም። ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት የላከችው ጦር፣ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ፣ የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ስለሆነ ያኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ ዘማች ዛሬ ዘጠናዎቹን አጋምሷል፣ ለሦስት ዓመት ያቀዳችሁት ሥራም ለልጅ ልጆቹ እንጂ ለእሱ አይደርስም። በዚህ ዓመት የሚያልቅ ሥራ ምረጡ። እኔን ብትጠይቁኝ የአንድ ዘማች ወይም ባሏ የሞተባት የዘማች ሚስት ቤት ማደስ ከሁሉም ይበልጣል። ሚስቶቹን አትርሷቸው፤ ባል ሲያርፍ ጠያቂውም አብሮ ይቀራል።

መጀመሪያ ሂዱና ተቀመጡ። ቅጽ ይዛችሁ አትግቡ። በማዕረጋቸው ጥሯቸው፣ ሃምሳ አለቃን ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበልን ሻምበል በሉ፣ ቡናውንም ጠጡ። ወዲያው ካልተጫወቱላችሁ አትቀየሙ። በደርግ ጊዜ እነሱ የተዋጓት ሰሜን ኮሪያ የመንግሥት ወዳጅ ስለነበረች ኮሪያ ዘምቻለሁ ብሎ በአደባባይ ማውራት የሚያኮራ ነገር አልነበረም፣ ዝም ማለትን የለመዱም አሉ። ማስረጃ ወረቀት ከጠፋባቸው ደግሞ ስማቸውን ከማኅበሩ መዝገብ አጣሩ እንጂ እሳቸውን እንደ ተጠርጣሪ አትመርምሩ።

ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል። አሰልቺ ነው፣ ግን ፕሮጀክት የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ያለ ወረዳው ፈቃድ ግድግዳ አትንኩ። ከማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ፣ ማኅተም መኖሩን እዩ፣ ኮፒውን እናንተ ጋ አስቀሩ። ይህን በየካቲት ወይም በመጋቢት ጀምሩ። ሰኔ ከገባ በኋላ ቆርቆሮ መንቀል ሽማግሌ ዝናብ ላይ ማሳደር ነው። ወረዳዎች በክረምት በጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞችን ቤት ስለሚያድሱ ቀድማችሁ አነጋግሯቸው፤ እነሱ የያዙትን ቤት እናንተ ደግማችሁ እንዳትይዙ።

ገንዘብ በማንም ሰው የግል ሂሳብ አይግባ። የሰብሳቢው ቢሆንም፣ የእናንተ ቢሆንም። በማኅበሩ ስም፣ በጣምራ ፊርማ የሚወጣ ይሁን። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ገንዘብ ከላከ ደረሰኙን በዚያው ሳምንት ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፣ ሳይጠይቃችሁ። ከተቻለ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ዕቃ ተቀበሉ፦ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም። ለጉልበትና ለወንበር የሰፈሩ እድር አለ፣ ድንኳኑን ጭምር ይሰጣችኋል። አናጺውን ግን ክፈሉት። ጣሪያ የለማጅ ሥራ አይደለም።

ስለ ፎቶ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። አልጋው ላይ ላስቲክ ተነጥፎ፣ ጥግ ላይ ባልዲ ተቀምጦ ውሃ ሲንጠባጠብበት ስታዩ ስልካችሁን ማውጣት ያምራችኋል፣ እርዳታ ያመጣል ብላችሁ። አታድርጉት። ቆርቆሮውን ብቻውን አንሱ፤ ለጋሹ ማየት ያለበት እሱን ነው። ሰውየውን ለማንሳት አስፈቅዱ፣ ኮታቸውን ይልበሱ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን ኒሻን ራሳቸው ፈተው ደረታቸው ላይ ያድርጉ፣ ጊዜ ይውሰድ። ከ6 ሺህ በላይ ሆነው ዘምተው፣ ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን አጥተው አንድም ምርኮኛ ሳያስይዙ የተመለሱ ሰዎች ናቸው። የእነሱ ፎቶ ምጽዋት መለመኛ አይሆንም።

የሠፈር ልጆችን ለሥራ ስትጠሩ ይህን ንገሯቸው፦ የቃኘው ወታደሮች በዚያ ጦርነት መሀል ወላጅ ያጡ የኮሪያ ሕፃናትን ሰብስበው የሚያሳድጉበት ቤት ነበራቸው። ይህን የሰማ ልጅ ጭቃ ለማቡካት ብዙ ልመና አይፈልግም።

አናጺው ጣሪያ ላይ እያለ አንዳችሁ ከሽማግሌው ጋር ሁኑና ታሪካቸውን በስልክ ቅዱ። ጠዋት ይሻላል፣ ሲደክማቸው አቁሙ፣ ነገ ቀጥሉ። ሬዲዮውን አጥፉ። የቦታና የጓደኛ ስም ሲጠሩ ወዲያው ወረቀት ላይ ጻፉ፣ በኋላ ከድምፁ መለየት ያስቸግራል። አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንድ ለማኅበሩ።

ብቻችሁን አትምሩ። ደብተሩን፣ የወረዳውን ባለሙያ ስልክና የተረፈውን ሚስማር የት እንዳስቀመጣችሁ የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ይኑር፣ ሥራ ቀይራችሁ ከከተማ ብትወጡም የሚቀጥለው ቤት እንዳይቀር። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ያንን ሰው ይዛችሁ ተመልሳችሁ ሂዱ፣ የሚያፈስ ካለ አናጺው ዋስትናውን ሳይረሳ ያስተካክል።