ከእርስዎ ከሚበረታ ጓደኛ ጋር ክብደት ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጂም ውስጥ ከእርስዎ የሚበረታ ጓደኛ ማግኘት ዕድል ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኦቶ ኮህለር እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው ጥናት የበርሊን ጀልባ ቀዛፊዎችን አንዳንዴ ለየብቻ፣ አንዳንዴ ጥንድ ጥንድ እያደረገ እስኪደክማቸው ድረስ ክብደት አስነስቷቸዋል። ጥንዶቹ አንዱን ባር (ክብደት የሚጫንበትን ረጅም ዘንግ) በጋራ ስለያዙ ደካማው ሲያቆም የሁለቱም ሥራ ያበቃል። ደካማውም ይህን ስለሚያውቅ ለብቻው ከሚታገለው በላይ ታገለ። ይህ ብርታት ጎልቶ የታየው ግን በሁለቱ መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት መካከለኛ ሲሆን ነበር፤ ልዩነቱ በጣም ሲሰፋ እየጠፋ ሄደ።

እንግዲህ ጓደኛዎ የእርስዎን እጥፍ የሚያነሳ ከሆነ ልዩነቱን በብልሃት መያዝ ያስፈልጋል። ጂም ውስጥ የማያቸው አብዛኞቹ ጉዳቶች ምንጫቸው ይሉኝታ ነው፤ ሰው «አልችልም» ማለት አፍሮ ትከሻውን ይሰጣል።

እሱ የጫነውን ብረት ሳይቀንሱ መግባት

ጓደኛዎ ቤንች ፕሬስ ላይ፣ ማለትም አግዳሚ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ 90 ኪሎ አሥር ጊዜ ገፍቶ ይነሳል። ተራው የእርስዎ ነው። ሌላ ሰው ወረፋ ይጠብቃል፤ ብረት ማውረድና መልሶ መጫን ጊዜ ይፈጃል፤ «ግባ፣ ትችለዋለህ» የሚል ድምፅም አይጠፋም። ከዚያ ወገብ ከአግዳሚው የሚነሳበት፣ ክርን ወደ ውጭ የሚፈነገጥበት፣ ባሩ በግማሽ መንገድ የሚመለስበት ዙር (ሳያርፉ የሚደጋገም ማንሳት) ይመጣል።

በሁለታችሁ መካከል እኩል መሆን ያለበት ከዙሩ በኋላ የሚተርፈው አቅም ነው። እሱ ሁለት ጊዜ መድገም እየቻለ ካቆመ፣ እርስዎም ሁለት ጊዜ መድገም እየቻሉ ያቁሙ፤ ኪሎው የየራሳችሁ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው አሥር ጊዜ የሚያነሳው ክብደት አንዴ ብቻ ከሚችለው ትልቁ ክብደት ወደ 75 በመቶው ነው። ስለዚህ 120 ኪሎ አንዴ የሚገፋ ሰው 90 ኪሎን አሥር ጊዜ ሲገፋና 70 ኪሎ አንዴ የሚገፋ ሰው 52.5 ኪሎን አሥር ጊዜ ሲገፋ የሁለቱ ጡንቻ ከየአቅሙ አንጻር የሚሠራው ሥራ ተቀራራቢ ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ዲሎርም በ1940ዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጎዱ ወታደሮችን በክብደት ሲያክም የተከተለው መንገድም ይኸው ነው። እያንዳንዱ ታካሚ አሥር ጊዜ የሚችለው ክብደት ይለካል፤ ከዚያ በመነሳት ዘዴው የመጀመሪያውን ዙር በግማሹ፣ ሁለተኛውን በሦስት አራተኛው፣ ሦስተኛውን በሙሉው ያሠራል። የአንዱ ልክ ለሌላው አይሰጥም።

ክብደቱን ስታሰሉ ቁጥሩን አይታችሁ አረጋግጡ። ከአሜሪካ በመጣ መሣሪያ ላይ 45 የሚለው ጽሑፍ ፓውንድ ነው፤ በኪሎ ወደ 20.4 ይሆናል። በየሰፈሩ ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ የተሠራ ክብደት ከሆነ ደግሞ የሁለቱን ጎን እኩልነት ሚዛን ላይ ሳያዩ አይግቡበት።

ከእሱ ማሟሟቂያ መጀመር

እሱ ሰውነቱን የሚያሟሙቅበት 60 ኪሎ ለእርስዎ ዋናው ሥራ ሊሆን ይችላል። በባዶ ባር ይጀምሩ፤ እሱ ራሱ 20 ኪሎ ነው፣ የሴቶቹ 15። ጓደኛዎ ሁለት ደቂቃ ቢጠብቅ ምንም አይጎድልበትም።

ብረቱን ከአንድ ጎን ብቻ ማራገፍ

ይህ የሚያጋጥመው በትክክል ክብደት ለሚቀንሱት ሰዎች ስለሆነ ያሳስበኛል። ባሩ ማሳረፊያው ላይ እንዳለ አንዱን ጎን ባዶ ሲያደርጉትና በሌላው ጎን ሁለት የ20 ኪሎ ብረቶች ሲቀሩ ባሩ ሊገለበጥ ይችላል። ባዶው ጫፍ በኃይል ወደ ላይ ይወረወራል፤ አጠገቡ ያለ ሰው ፊት ላይ ሊያርፍ ይችላል። በየተራው ብረት የሚቀያይሩ ጥንዶች ይህን አደጋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ይጋብዙታል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለታችሁ በሁለቱ ጫፍ ቁሙና አንድ አንድ ብረት እኩል አውጡ። ብቻዎን ከሆኑ ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ። ስትጨርሱ የባሩን መቆለፊያ መልሱ፤ ማሳረፊያውንም እንደ ቁመታችሁ አስተካክሉት። ለስኳት (ባር ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ ለመነሳት) ባሩ ከደረት መካከል አካባቢ ሊሆን ይገባል። ረጅም ጓደኛዎ በተወው ከፍታ ላይ በጣቶችዎ ቆመው ባር ማውረድ፣ ደክሞዎት ሲመለሱም በጣቶችዎ ቆመው ማሳረፊያ መፈለግ አለ፤ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

የእሱ እጅ የገፋውን የራስዎ አድርጎ መቁጠር

ጓደኛዎ ከራስዎ በላይ ቆሞ «ጨምር! ሁሉም ያንተ ነው!» እያለ በሁለት እጁ ባሩን ይስባል። ዙሩ ያልቃል፣ 70 ኪሎ ስምንት ጊዜ ተብሎ ስልክ ላይ ይመዘገባል። በሚቀጥለው ሳምንት 72.5 ይጫናል፤ እጁም አብሮ ይጨምራል። ከወራት በኋላ መዝገቡ ሲያድግ እርስዎ ብቻዎን የሚገፉት ግን የድሮውን ነው። እጁ ባሩን የነካበት ድግግሞሽ አይቆጠር። ይህን ያለ ርኅራኄ ቢይዙት ይጠቅማችኋል።

ከዙሩ በፊትም ተነጋገሩ፦ ስንት ጊዜ ልሞክር ነው፣ ከማሳረፊያው አብረን እናውጣ ወይስ ብቻዬን፣ የምትነካው ባሩ ሲቆም ነው ወይስ ስጠራህ። ባሩ ደረት ላይ እያለ ስለዚህ ማውራት አይቻልም።

የእሱን የዙር ብዛት መቅዳት

ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ሃያ ዙር ሠርቶ በማግስቱ ደረጃ ይወጣል። ጀማሪ፣ ወይም ለወራት አቋርጦ የተመለሰ ሰው፣ ያንኑ ያህል በአንድ ቀን ከሠራ ጡንቻው እስኪፈርስ ሊደርስ ይችላል። ራብዶማዮሊሲስ ይባላል፤ ከተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የሚገባው ነገር ኩላሊትን ይጎዳል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ጡንቻዎ ካበጠና ሕመሙ ከተለመደው ድካም ካለፈ ጓደኛዎን ምክር አይጠይቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሲጀምሩ ከእሱ ዙር በግማሹ፣ እንዲያውም ከዚያ ባነሰ ማቆም ይሻላል። እሱ ሲቀጥል እርስዎ ብረት ያቀብሉ።

በሌላ በኩል የእሱን ዝግታ መቅዳትም ያጎድላል። የቆየ ሰው በወር አንዴ ክብደት ቢጨምር ተመስገን ይላል፤ ጀማሪ ግን አሠራሩ ሳይበላሽ በየልምምዱ 2.5 ኪሎ የሚጨምርበት ወቅት አለው።

ጾምን አለመቁጠር

አንዳችሁ 55 ቀን ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን እየጾማችሁ ሌላው የማይጾም ከሆነ ፉክክሩን ለጊዜው አቁሙት። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ለከባድ ስኳት መግባት መፍዘዝን ያመጣል፤ ለሚጾም ሙስሊም ካፈጠረ በኋላ ያለው ሰዓት ይሻላል። ዐቢይ ጾምን የሚጾም ሰው ደግሞ ከሽሮ፣ ከምስርና ከባቄላ በቂ መጠን ይብላ፤ ክብደቱን ይዞ ለማቆየት እንጂ ለመጨመር አይጣደፍ።

ከኋላው ቆመው ሲጠብቁት የአቅምዎን ልክ አለመናገር

እርስዎም በተራዎ ከኋላው ይቆማሉ። ባሩ ግማሽ ላይ ሲቆምበት የሚያስፈልገው ጥቂት እርዳታ ነው፤ አብዛኛውን ኃይል አሁንም እሱ ነው የሚያወጣው። ባሩ ከእጁ ካመለጠ ግን 120 ኪሎን ማንም በክንዱ አይቀልበውም። ስለዚህ ከባድ ዙር ሲሆን በሁለቱም ጫፍ ሰው ይቁም፤ ወይም ከሁሉ የሚሻለው፣ የመከላከያ ዘንግ ባለው ማሳረፊያ ውስጥ ይሥራ። ዘንጎቹ ደረቱን ነፍቶ ሲተኛ ከደረቱ በትንሹ ዝቅ፣ ሲያስተነፍስ ደግሞ ከአንገቱ ከፍ ብለው ይቀመጡ። ልኩን ብረት ከመጫናችሁ በፊት በባዶ ባር ሞክሩት፤ ለእሱ የተስተካከለውም ለእርስዎ አይሆንምና ተራ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ይታይ።