የስፖርተኛው ቅጣት በዝናው ቀሎ እንደሆነ ከመዝገቡ ለማጣራት

ደሴ ላይ የታወቀ ኳስ ተጫዋች ሰው ደብድቦ ሲፈረድበት «ስሙ አዳነው» ከተባለ፣ የመዝገቡን ቁጥር ይዛችሁ መጀመሪያ ጥፋተኛ የተባለበትን አንቀጽ እዩ። ክሱ ቀድሞውኑ ወደ ቀላል አንቀጽ ወርዶ ከሆነ ቅጣቱም አብሮ ይወርዳል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው።

ከዚያ የእርከን ስሌቱን፣ ማለትም ዳኛው ቅጣቱን በደረጃ ያሰላበትን ክፍል፣ መስመር በመስመር ተከተሉ፤ መነሻው ስንት ነበር? በየትኛው የቅጣት ማቅለያ ምክንያት ወረደ? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 መልካም ጠባይን፣ ጸጸትንና ካሳን ይቀበላል፤ ዝናን አይጠቅስም። «የወሎን ስም ያስጠራ» የሚል ማቅለያ ካያችሁ ወደ አንቀጽ 86 ሂዱ፤ ያልተዘረዘረ ምክንያት ተቀባይነት የሚያገኘው ዳኛው ለምን እንደተቀበለው ሲያብራራ ነው።

በመጨረሻ በዚያው አንቀጽ የተቀጣ ዝና የሌለው ሰው፣ ለምሳሌ የባጃጅ ሹፌር፣ መዝገብ ለማነጻጸር አጠገቡ አስቀምጡ። ልዩነቱ ተጫዋቹ ካሳ መክፈሉ ከሆነ፣ ያቀለለው ገንዘቡ ነው፤ ይህ ደግሞ ከዝናው በላይ ያሳስባል።