የእንግዶችን ስም በኤክሴል ማስተካከል፦ ከጣና ዳር የመዝገብ ጠረጴዛ

ባሕር ዳር፣ ከጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ተቀምጬ የጎብኚዎችን ስም እመዘግባለሁ። ጠዋት ወደ ዘጌ የሚሻገሩትም፣ ራቅ ብለው እስከ ደቅ ደሴት የሚዘልቁትም በእኔ ኮምፒውተር ያልፋሉ፤ በአንገት የሚንጠለጠለው የስም ካርድም ከዚሁ ዝርዝር ይታተማል። ስሞቹ የሚደርሱኝ ተዘበራርቀው ነው። ከፓስፖርት የተገለበጠው በሙሉ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በስልክ መልእክት የመጣው በሙሉ በትንንሽ። ሰው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ቆሞ የገዛ ስሙን ተበላሽቶ እንዲያነበው አልፈልግም።

ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ሺፍትና ኤፍ3 ሲጫኑ ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ይቀያየራል፤ ኤክሴል ግን ይህ አቋራጭ የለውም፤ በቀመር ነው የሚሠራው። የቀመሮቹን ስም እዚህ በአማርኛ ፊደል ብጽፍም ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው።

ስሞቹ በ«ቢ» አምድ ከሁለተኛው ረድፍ ይጀምራሉ እንበል። ከጎኑ ባዶ አምድ አስገቡና ሲ2 ላይ ይህን ጻፉ፦

=ፕሮፐር(ትሪም(ቢ2))

ፕሮፐር የየቃሉን መነሻ ፊደል ትልቅ፣ የቀረውን ትንሽ ያደርጋል። ትሪም ከፊትና ከኋላ ያለውን ትርፍ ክፍተት ያጠፋል፤ በቃላት መካከልም አንድ ብቻ ያስቀራል። ኢንተር ተጫኑና በሴሉ ታችኛ ቀኝ ጥግ ያለችውን ትንሽ ካሬ ሁለት ጊዜ በማውስ ንኩ፤ ቀመሩ እስከ ዝርዝሩ መጨረሻ ይወርዳል።

ትሪምን አደራ አትዝለሉ። አንዲት እንግዳ ሁለት ጊዜ ተመዝግባ ሁለት መቀመጫ ተይዞላት ያውቃል። ኤክሴል ተደጋጋሚ ስሞችን ሲያስወግድ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለይም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የፊደሉ አልነበረም። ከስሟ መጨረሻ ላይ የማትታይ አንዲት ባዶ ቦታ ቀርታ ኖሯል።

ቀጥሎ የ«ሲ»ን አምድ ኮፒ አድርጉና እዚያው ላይ በፔስት ስፔሻል «ቫሊውስ» የሚለውን መርጣችሁ ለጥፉ። አሁን ቀመሩ ጠፍቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል፤ የድሮውን አምድ መሰረዝ የሚቻለው ከዚህ በኋላ ነው። ቀድማችሁ ከሰረዛችሁት ዝርዝሩ በሙሉ የስሕተት ምልክት ይሆናል።

ከዚያ በዓይን ማንበብ ይመጣል፤ እኔ ብዙ ጊዜ የምቆየው እዚህ ላይ ነው። ፕሮፐር ፊደል ካልሆነ ምልክት ቀጥሎ ያለውን ፊደል ሁሉ ያተልቃል። ገብረ ማርያምን በጭረት አሳጥሮ ለጻፈ ሰው ይህ መልካም ነው፤ የማርያም መነሻ ትልቅ ሆኖ ይወጣል። «በዓታ»ን ሲጽፍ ዓይኑን «ዓ» ለማሳየት ነጠላ ጥቅስ ለሚያስገባ ግን በቃሉ መሃል ትልቅ ፊደል ይደነቀራል። የኔዘርላንዶቹ «ቫን ደር» ከግል ስም ቀጥሎ ሲመጣ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ፕሮፐር ያተልቀዋል። በ«ማክዶናልድ» መሃል ያለውን ትልቁን «ዲ» ደግሞ ያሳንሰዋል። እነዚህን በእጄ አርማለሁ።

የአገር አምድ ላይ ፕሮፐርን አትጠቀሙ፤ «ዩኤስኤ» የመጀመሪያው ብቻ ትልቅ ሆኖ ይቀራል። ለእንዲህ ያለው ምሕጻር ሁሉንም የሚያተልቀው አፐር አለ። ለኢሜይል አድራሻ ደግሞ ሁሉንም የሚያሳንሰው ሎወር።

በአማርኛ የተጻፈውን የአገር ውስጥ እንግዶች አምድ ፕሮፐር እንዳለ ይመልሰዋል፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውምና። እዚያ የሚጠቅመው ትሪም ብቻ ነው። የእኛ ጣጣ ሌላ ነው፤ ኃይሉና ሀይሉ ለኤክሴል ሁለት ሰዎች ናቸው። በጅምላ ወደ አንድ ፊደል መለወጥ ይቻል ነበር፤ ግን የሰውን ስም በግምት አልነካም። ባለቤቱ ጀልባው ላይ ከመውጣቱ በፊት እጠይቀዋለሁ፦ «በሀሌታው ነው፣ በሐመሩ ወይስ በብዙኃኑ?»