ያረጀ ሞተር ድምፁን ሲቀይር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

በባሕር ዳር ጎዳናዎች ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ኮሮላዎችና ሚኒባሶች ዛሬም የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ናቸው። ከኮፈናቸው ሥር አዲስ ድምፅ ሲሰማ ባለቤቱ ደንግጦ ሞተር ያስፈታል፤ ጥፋቱ ግን አንዳንድ ጊዜ ብሎን በማጥበቅ ብቻ የሚያልቅ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ድምፁ መቼና ከየት እንደሚመጣ መለየት ያስፈልጋል፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ነው ወይስ ነዳጅ ሲሰጠው፣ ሜዳ ላይ ነው ወይስ ዳገት ሲይዝ? መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው ዝም ካለና ድምፁ ጎማው ሲዞር ብቻ ከተሰማ፣ መመርመር ያለባቸው የጎማ ኩሽኔታ (ዘንግ ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት)፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዘይት ይለካ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ወጥቶ ይጠረግና እንደገና ገብቶ ይታያል። ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከሆነ፣ ቀጥለው ከተጻፉት ድምፆች የብዙዎቹ መነሻ ይኸው ሊሆን ስለሚችል፣ ዘይቱ ሳይሞላ ሌላ ምርመራ መጀመር ከንቱ ልፋት ነው።

ጠዋት ከፊት በኩል «ሲጥ» የሚል ድምፅ

በሐምሌና በነሐሴ ጣና ዳር ውጭ ያደረ መኪና በእርጥበቱ ምክንያት ሲነሳ ሲጥ ብሎ ይጮህና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዝም ይላል። ይህ የቺንጋ ድምፅ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ እጅን አርቆ ጥቂት ውኃ ቺንጋው ላይ ጠብ ማድረግ መንስኤውን ያሳያል፤ ጩኸቱ ከባሰ ቺንጋው ላልቷል፣ ለጊዜው ጠፍቶ ከተመለሰ ደግሞ ቺንጋው ደርቋል ወይም ፑሌዎቹ (ቺንጋው የሚዞርባቸው መንኮራኩሮች) መስመራቸውን ስተዋል። የላላው ይወጠራል፤ የደረቀው ይቀየራል። ለቺንጋ ተብሎ የሚሸጠውን ቅባት መርጨት አልመክርም፤ ጩኸቱን ለጥቂት ቀናት ከመደበቅ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ድምፁ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ከሆነ የዲናሞ ወይም የውኃ ፓምፕ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ቀዝቃዛው ሞተር ጠፍቶ ቺንጋው ይወጣና፣ ከዚያ ተነስቶ ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይደመጣል፤ ብዙ መኪኖች ላይ ውኃ ፓምፑን የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ስለሆነ ከዚያ በላይ ማቆየት አይገባም። ድምፁ ከጠፋ ሞተሩ ጠፍቶ ፑሌዎቹ አንድ በአንድ በእጅ ይዞራሉ፤ የሚንገጫገጨው ጥፋተኛው ነው። ላቫጆ ላይ ኮፈን ከፍቶ ሞተሩን በኃይለኛ ውኃ ማሳጠብ የዲናሞን ኩሽኔታ ዕድሜ ስለሚያሳጥር፣ በጨርቅ መወልወል ይሻላል።

ከላይ የሚመጣ «ጠቅ ጠቅ»

ይህ ድምፅ ሁለት ዋና ዋና ምንጮች አሉት፤ እነርሱን ማምታታትም ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። አንደኛው በቫልቭ (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው በር) እና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት መስፋት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) የሚያፈተልክ ጭስ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጋራዥ ኮሮላዬን ጥቂት አዳምጦ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ አለኝ። ሽምብጥ ሰፈር ወዳለው ቤቴ መልሼ፣ ማልዶ ሞተሩ ሳይሞቅ የረጅም ካቻቢቴ እጀታ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጫፉን የቫልቭ ክዳኑ ላይ ሳሳርፈው ድምፁ የታፈነ ሆነ፤ ወደ ጭስ ማውጫው ስወርድ ግን እየጠራ ሄደ። በባትሪ ሳበራ ሦስተኛው ሲሊንደር አጠገብ፣ ብረትና ብረት በሚገናኙበት ላይ፣ እንደ ላባ የተዘረጋ ጥቁር ጥላሸት አየሁ፤ አንዱ ዳዶ ወልቆ ወድቋል፣ ሁለቱ ላልተዋል። ጓርኒሲዮኑ ተቀይሮ ዳዶዎቹ ሲጠብቁ ድምፁ ጠፋ። የጭስ ድምፅ ብረቱ ሞቆ ሲለጠጥ የሚቀንስ መሆኑም ሌላ መለያው ነው። በዚህ ዓይነት ለሚያዳምጥ ሰው አደራ የምለው፣ ነጠላም ሆነ ሻርፕ ለብሶ ወደሚዞር ቬንትሌተር እንዳይጎነበስ ነው።

ምንጩ ቫልቭ ከሆነ ክፍተቱ በስስ መለኪያ ብረት ይስተካከላል። በብዙ የቆዩ የቤንዚን ሞተሮች መጠኑ ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊሜትር ቢሆንም፣ ትክክለኛው ቁጥርና በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ የሚለካ መሆኑ ከመኪናው መመሪያ ይወሰዳል። ድምፁ ፈጽሞ እንዲጠፋ ብሎ ማጥበቅ ትልቅ ስሕተት ነው፤ በደንብ የማይገጥም ቫልቭ ሙቀቱን ማስተላለፍ አቅቶት ይቃጠላልና። ትንሽ ጠቅታ ያለው ሞተር ከታፈነው ይልቅ ብዙ ይኖራል።

ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅስ ሰንሰለት ባላቸው ሞተሮች ላይ ሲነሳ ብቻ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ የሰንሰለት ወጣሪውን መድከም ያመለክታል፤ እየረዘመ ከሄደ ሰንሰለቱና ወጣሪው አብረው ይቀየራሉ።

ከታች የሚመጣ ከባድ «ዱብ ዱብ»

ይህንን የሰማ አሽከርካሪ ዳር ይዞ ሞተሩን ያጥፋ። ከሞቀ በኋላ የሚጎላ፣ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ የሚያንኳኳ፣ የዘይት መብራትም በሚኒሞ ብልጭ የሚያሰኝ ድምፅ፣ በቢየላ (ፒስተኑን ከታች የሚይዘው ክንድ) እና በክራንክ ሻፍት (ቢየላዎቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) መካከል ያለው ስስ ብረት መበላቱን ያሳያል። ካርቡራቶር ባላቸው መኪኖች የካንዴላ ገመዶችን አንድ በአንድ (ሞተሩን እያጠፉ) ነቅሎ ማዳመጥ ይቻላል፤ ድምፁ የሚቀንስበት ሲሊንደር የታመመው እርሱ ነው። የተቀዳው ዘይት ነጭ ወረቀት ላይ ሲፈስ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከታየ ጥርጣሬ አይኖርም። መፍትሔው ከሥር ከፍቶ ክራንክ ሻፍቱን በማይክሮሜትር አስለክቶ፣ ካስፈለገም አስሞርዶ፣ ለልኩ የሚሆነውን ስስ ብረት ማስገባት ነው። ወፍራም ዘይት ጨምሮ ድምፁን አፍኖ መሸጥ ግን ገዢውን መንገድ ላይ መጣል ነው።

ዳገት ላይ የሚሰማ ቀጭን ንጥረት

ብረት ሳጥን ውስጥ ጠጠር እንደሚናወጥ ያለ ድምፅ፣ ነዳጁ ካለጊዜው ሲቀጣጠል የሚመጣ ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ስስ አየሯ ይህን ችግር ይደብቃል። ዲስትሪቡተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) እዚህ አብዝቶ እሳት እንዲያቀድም የተደረገ መኪና ከደጀን ወርዶ ዓባይ በረሃ ሲደርስ፣ አየሩ ስለሚወፍርና ስለሚሞቅ፣ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ መንጣር ይጀምራል። እዚያው መንገድ ላይ ማርሽ ቀንሶ ነዳጁን ማላላት፣ የሙቀት መለኪያውም ከወጣ ቆሞ ማብረድ ያስፈልጋል። ሲመለሱ ታይሚንጉን (እሳቱ የሚሰጥበትን ጊዜ) ወደ መመሪያው መመለስ፣ የራዲያተሩን ንጽሕናና የካንዴላውን ዓይነት ማረጋገጥ ይገባል። እዚሁ ባሕር ዳር ያለው የቤዛዊት ዳገት ለመጀመሪያ ፈተና ይበቃል፤ ዋናው ፈተና ግን በረሃው ስለሆነ፣ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ታይሚንጉን ለከተማው ብቻ ብሎ አያስቀድም።