ከኦንላይን የቼዝ ውድድር በዙሮች መካከል እንዴት እንደሚወጣ

ውድድር ጀምሮ ማቋረጥ የሚያስነቅፍ ነገር የለውም። መብራት ይሄዳል፣ ዳታ ያልቃል፣ እንግዳ ይመጣል። ደሴ ወይም ወልዲያ ሆኖ ማታ ማታ በስልኩ ቼዝ የሚጫወት ሰው ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ዋናው ነገር የሚወጣበት ሰዓት ነው፤ የቀጣዩ ዙር ድልድል ከመውጣቱ በፊት መሆን አለበት። ድልድሉ ከወጣ በኋላ ስልክ ዘግቶ መጥፋት ግን የቡና ጥሪ ተቀብሎ ሳይናገሩ እንደመቅረት ነው። ተጋጣሚያችሁ ቦርዱን ከፍቶ የእናንተ ሰዓት እስኪያልቅ ይጠብቃል። ነጥቡን ቢያገኝም ሊጫወት መጥቶ ሳይጫወት ይቀራል።

በመጀመሪያ ውድድሩ ስዊስ ነው ወይስ አሬና የሚለውን እዩ። አሬና ማለት አንድ ጨዋታ ሲያልቅ ወዲያው ሌላ ተጋጣሚ የሚሰጥበት ነው፤ ዙር የለውም። የያዛችሁትን ጨዋታ ጨርሳችሁ "ፖዝ" የሚለውን ትጫናላችሁ፣ የሰበሰባችሁት ነጥብ ይቀመጣል፣ ውድድሩ ሳያልቅ ከደረሳችሁም ተመልሳችሁ መግባት ትችላላችሁ። አለቀ።

ስዊስ ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። በ1895 ዙሪክ ላይ ከተሞከረበት ጊዜ ጀምሮ ሐሳቡ ያው ነው፦ የተሸነፈ አይሰናበትም፣ በየዙሩ ነጥባቸው የተቀራረበ ተጫዋቾች ይገናኛሉ። ስለዚህ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ከድልድሉ በፊት መታወቅ አለበት። ሊቼስ በሚባለው የኦንላይን ቼዝ መጫወቻ ድረ ገጽ አካሄዱ እንዲህ ነው፦

1. የጀመራችሁትን ጨዋታ ጨርሱ። ከውድድሩ መውጣት በመካሄድ ላይ ያለውን ጨዋታ አያስቆምም። ቦርዱ አጠገብ ያለችው ባንዲራ እጅ መስጫ መሆኗንም አትርሱ፤ እሷን መጫን ያንን ጨዋታ መሸነፍ ብቻ ነው፣ በቀጣዩ ዙር ስማችሁ እንደገና ይደለደላል።

2. ወደ ውድድሩ ገጽ ተመለሱ። ቀጣዩ ዙር እስኪጀምር የቀረው ጊዜ እዚያ ወደ ኋላ ሲቆጥር ታያላችሁ። የሌሎች ጨዋታ ገና ካላለቀ ፋታ አላችሁ።

3. ስትመዘገቡ "ጆይን" የሚል የነበረው ቦታ ላይ አሁን "ዊዝድሮው" ወይም "ፖዝ" የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ተጫኑ። የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች አትጠብቁ፤ ኔት ሲንቀራፈፍ እናንተ የተጫናችሁት ሰርቨሩ ጋ ሳይደርስ ድልድሉ ይወጣል።

4. ቁልፉ ተመልሶ "ጆይን" እስኪል ቆዩ። ያን ጊዜ ስልኩን መዝጋት ትችላላችሁ።

ድልድሉ ቀድሟችሁ ከወጣስ? ጨዋታውን ክፈቱ፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሙቭ ተጫወቱ፣ በቻቱ "ይቅርታ፣ መብራት ሄደብኝ" በሉና እጅ ስጡ። ሬቲንግ (የችሎታ ደረጃን የሚያሳየው ቁጥር) ያለው ጨዋታ ከሆነ ከሬቲንጋችሁ ጥቂት ነጥብ ይቀነስባችኋል። እኔ ግን ሰው ከማስጠበቅ ይሻላል እላለሁ፤ ለራሳችሁም ይሻላል። አንድም ሙቭ ሳትጫወቱ ሰዓታችሁ ካለቀ ትሸነፋላችሁ፣ ሲስተሙ ራሱ ከውድድሩ ያስወጣችኋል፣ ለተወሰነ ጊዜም አዲስ ስዊስ ውስጥ እንዳትገቡ ይከለክላችኋል።

በወጉ ስትወጡ ያገኛችሁት ነጥብ ይቆያል፣ የቀሩባችሁ ዙሮች ዜሮ ይሆናሉ። መመለስ ከፈለጋችሁ ያው "ጆይን" አለ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን መውጣታችሁ ቀደም ብሎ ያሸነፋችሁን ሰው እንደሚነካ ነው። ሁለት ሰዎች ነጥባቸው እኩል ሲሆን ሊቼስ የሚለያቸው ያሸነፏቸውን ተጋጣሚዎች ሙሉ ነጥብ፣ አቻ የወጧቸውን ደግሞ ግማሹን ደምሮ ነው። እናንተ ባላችሁበት ከቆማችሁ እሱም ከእናንተ የሚያገኘው ድርሻ ያንሳል። ስለዚህ በማይረባ ምክንያት፣ ለምሳሌ ሁለት ጨዋታ በመሸነፍ ብቻ ተናዶ፣ ባይወጣ ጥሩ ነው።

ውድድሩ ዳኛ ካለውና መገናኛው ቴሌግራም ከሆነ ቁልፍ መጫን ብቻውን አይበቃም። አጭር መልእክት ላኩ፦ "ሰላም ጋሼ፣ መብራት ስለሄደብን ከ4ኛው ዙር ጀምሮ አልጫወትም። ድልድል ሳይወጣ ያስወጡኝ።" የምትጫወቱበትን ዩዘርኔም ጨምሩበት። "አብሽር" የሚል መልስ እስኪመጣ ጠብቁ፤ መልእክቱን ማንበቡን የምታውቁት ያን ጊዜ ነው። የምትቀሩት አንድ ዙር ብቻ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ከመውጣት በፊት የግማሽ ነጥብ ባይ፣ ማለትም ዙሩን ሳትጫወቱ ግማሽ ነጥብ ማግኘት፣ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። የሚፈቅዱ ውድድሮች አሉ፣ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ግን ብዙውን ጊዜ አይሰጥም።

አብዛኛው መውጣት ደግሞ ስትመዘገቡ ሰዓቱን ባለማስላት የሚመጣ ነው። የውጭ ውድድሮች ብዙ ጊዜ ሰዓታቸውን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይጽፋሉ፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ አቆጣጠራችንም ይለያል። 17:00 ዩቲሲ ማለት ደሴ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። 7 ዙር ያለው፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 10 ደቂቃና በየሙቩ 5 ሰከንድ የሚጨመርበት ውድድር ከሆነ፣ ረዥም ጨዋታ ሲያጋጥም አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ድረስ ቻርጁም ዳታውም የማይበቃችሁ ከሆነ፣ ዙሩ ያነሰ ውድድር ወይም አሬና ምረጡ።