ከተሸነፈችበት ጌም ጀምሩ፦ የካሮሊና ማሪንን ጨዋታ እያዩ ባድሜንተን መማር

ባድሜንተን ልማር ብሎ የሚመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስማሽ ነው። ኳሷን ከላይ ወደ ታች በኃይል መምታት ያምረዋል። እኔ ግን ራኬት ከማስያዜ በፊት የአንዲት ተጫዋች ሙሉ ጨዋታ ቁጭ ብሎ እንዲያይ አደርጋለሁ። ተጫዋቿ የስፔኗ ካሮሊና ማሪን ናት። ከጨዋታዋ ብዙ ትምህርት ይገኛል፤ ዝም ብሎ ያየ ሰው ግን ጩኸቷንና ሜዳሊያዋን ብቻ ይዞ ይነሣል። ከልጆቹ ጋር ሳይ የምከተለውን መንገድ እነሆ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ማንነቷን በአጭሩ። ማሪን በ1993 በደቡብ ስፔን፣ ሁኤልቫ ከተማ ተወለደች። በልጅነቷ ፍላሜንኮ ትጨፍር ነበር፤ በስምንት ዓመቷ ጓደኛዋ ወደ ባድሜንተን አዳራሽ ይዛት ሄደችና በዚያው ቀረች። በ14 ዓመቷ ከቤተሰቧ ተለይታ ማድሪድ ወደሚገኘው የስፖርተኞች ማሠልጠኛ ገባች፤ ከአሠልጣኟ ከፈርናንዶ ሪቫስ ጋር ለብዙ ዓመታት የሠሩት እዚያ ነው። ስፔን የእግር ኳስ አገር ናት፤ በባድሜንተን ስሟ አይነሣም ነበር። ከ1992 ጀምሮ በኦሊምፒክ የሴቶች ነጠላ ወርቅ ኢንዶኔዥያ፣ ደቡብ ኮሪያና ቻይና ብቻ ሲፈራረቁበት ቆይተው፣ በ2016 ሪዮ ላይ ማሪን ወሰደችው። ከእስያ ውጪ የመጀመሪያዋ ናት። የዓለም ሻምፒዮናንም በ2014፣ በ2015 እና በ2018 አሸንፋለች፤ በሴቶች ነጠላ ሦስት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያዋ ናት።

ለልጆቹ ግን ይህን በመጀመሪያው ቀን አልነግራቸውም። ሰሌዳው ላይ የምጽፍላቸው ያሸነፈቻቸውን የሦስት ጨዋታዎች ውጤት ብቻ ነው፤ የማሪን ነጥብ ይቀድማል። በ2014 ኮፐንሃገን፣ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ከቻይናዋ ሊ ሹዌሩይ ጋር፦ 17ለ21፣ 21ለ17፣ 21ለ18። በ2016 ሪዮ፣ በኦሊምፒክ ፍጻሜ ከህንዷ ፒ. ቪ. ሲንዱ ጋር፦ 19ለ21፣ 21ለ12፣ 21ለ15። በ2019 ቻንግዡ፣ በቻይና ኦፕን ፍጻሜ ከታይዋኗ ታይ ትዙ-ዪንግ ጋር፦ 14ለ21፣ 21ለ17፣ 21ለ18። ከዚያ «ምን ይታያችኋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጥቂት ከቆዩ በኋላ አንዱ ያገኘዋል፦ በሦስቱም የመጀመሪያውን ጌም፣ ማለትም የጨዋታውን የመጀመሪያ ክፍል፣ ተሸንፋለች።

የማሪን ታሪክ ለእኔ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። እኔ የማውቃቸው ጀማሪዎች የመጀመሪያውን ጌም ሲሸነፉ ሁለተኛውን ግማሹን አብረው ያስረክባሉ። ትከሻቸው ይወርዳል፣ እግራቸው ይከብዳል፣ ያንኑ ኳስ ወደዚያው ቦታ ይመታሉ። ማሪን ምን እንደምትለውጥ ለማየት ደግሞ ሙሉውን ጨዋታ ማየት የግድ ነው። የዓለም ባድሜንተን ፌዴሬሽን በዩቲዩብ ገጹ ላይ ብዙ ጨዋታዎችን ይጭናል፤ የኦሊምፒክ ገጽም አለ። ምርጥ ምርጡን ብቻ ቆርጦ የሚያሳየውን ተዉት። የሚቆረጠው በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ እሱን ነው።

ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ወረቀቱ ላይ ሜዳውን ሳሉ፤ የነጠላ ሜዳ ርዝመቱ 13.4 ሜትር፣ ወርዱ 5.18 ሜትር ነው። መሐሉን መረቡ ይከፍለዋል። በየወገኑ አራት ጥግ አለ፦ ሁለቱ ከመረቡ ሥር፣ ሁለቱ ከኋላ። ማሪን ነጥብ ባገኘች ቁጥር ኳሷ የወደቀችበት ጥግ ላይ ነጥብ አድርጉ፤ ነጥብ ካጣች ክብ። ሁለቱንም ተጫዋቾች ልመዝግብ ካላችሁ ጨዋታው ያመልጣችኋል። በመጀመሪያው ዙር ድምፁን አጥፉት። ማሪን ነጥብ ባገኘች ቁጥር ትጮኻለች፤ ጩኸቱ የልጆችን ዓይን ከእግሯ ላይ ይነጥቃል።

ደንቡን ለማያውቅ፦ ጌሙ እስከ 21 ነው፤ 20 እኩል ከሆኑ በሁለት ነጥብ መብለጥ ያስፈልጋል፤ ያም ባይሆን 30ኛውን ቀድማ ያገኘችው ታሸንፋለች። አንዷ 11 ስትደርስ የአንድ ደቂቃ፣ በጌሞቹ መካከል የሁለት ደቂቃ ዕረፍት አለ። ሦስት ጌም፣ ሁለቱን የወሰደ አሸናፊ።

አሁን ሪዮን ክፈቱ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ ይህን እዩ። ማሪን የመጀመሪያውን ጌም 19ለ16 እየመራች ነበር። ከዚያ ሲንዱ አምስት ነጥብ በተከታታይ ወሰደችና 21ለ19 ሆነ። እዚህ ላይ አቁሙትና ልጆቹን «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሳቸውን ጻፉት። አብዛኛው «ጠንክሬ እመታለሁ» ይላል።

ከዚያ የሁለተኛውን ጌም መጀመሪያ አሳዩአቸው። ማሪን 4ለ0 ትጀምራለች፤ ዕረፍቱ ላይ 11ለ2 ትደርሳለች። ይህን ክፍል እኔ ደጋግሜ ነው የማሳየው። በመጀመሪያው ዕይታ ኳሷን ሳይሆን ሰዓትን ተከታተሉ፦ አንድ ነጥብ ካለቀ በኋላ ቀጣዩ ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) እስኪመታ ማን ነው የሚያስጠብቀው? ማሪን ሜዳው ላይ ዞር ዞር ትላለች፣ ላቧን ትጠርጋለች፣ ኳስ እንዲቀየር ትጠይቃለች፤ ዝግጁ ስትሆን ግን ወዲያው ነው። ዳኛ ቶሎ በይ ሲላትም ታያላችሁ። ይህን የማይወዱላት ብዙ ናቸው፤ ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ለልጆቼም የደንቡን ወሰን አልፋችሁ ሂዱ አልልም። ነገር ግን በደንቡ ውስጥ ሆኖ የጨዋታውን ፍጥነት የራስ ማድረግ ችሎታ ነው፤ እንደ ሰርቭ ሁሉ ይለመዳል።

በሁለተኛው ዕይታ ኳሷን የምትመታበትን ከፍታ ተመልከቱ። ሲንዱ 1.79 ሜትር ናት፤ ክንዷ ረጅም፣ ስማሿ ከላይ የሚወርድ። እንዲህ ላለች ተጫዋች ጊዜ ከሰጧት አለቀ። ማሪን ኳሷ እስክትወርድ አትጠብቅም፤ ወደፊት ገብታ፣ ከፊቷ ላይ፣ በተቻላት ከፍታ ታገኛታለች። ለተጋጣሚዋ የሚቀረው ጊዜ ያጥራል። ልጆቹ «ጠንክሬ እመታለሁ» ያሉትን ወረቀት አውጡና አስተያዩት። ልዩነቱ ያለው ቀድሞ በመድረስ ላይ ነው።

ቀድሞ ለመድረስ እግር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ዕይታ የቪዲዮውን ፍጥነት በግማሽ ቀንሱት። ተጋጣሚዋ ኳሷን ልትመታ ስትል ማሪን ትንሽ ነጠር ብላ ሁለት እግሯን ከፍታ ታርፋለች። ያቺ ትንሽ ነጠር ማለት ከሌለች ሰውነት ወደ የትኛውም ጥግ ቶሎ አይነሣም። ኳሷን ከመታች በኋላ ደግሞ ቆማ ምቷን አታደንቅም፤ ወደ መሐል ትመለሳለች። ከጀማሪ ተማሪዎቼ ጋር ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ የምወስደው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

በሦስተኛው ጌም ማሪን 6ለ1 መርታ 10 እኩል ይደረስባታል። ወረቀታችሁን እዚህ ላይ እዩት፤ በሁለተኛው ጌም ነጥብ ያገኘችባቸውን ጥጎች ትታ እንደሆነ፣ ወይ ወደ እነሱ ተመልሳ እንደሆነ ከራሳችሁ ነጥቦች አንብቡ። መልሱን አልነግራችሁም፤ ልጆቹ ራሳቸው ቆጥረው ሲያገኙት ነው የሚይዙት።

ግራኝ ልጅ ካላችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ማሪን ግራኝ ናት። እኔም አንዲት ግራኝ ተማሪ አለችኝ፤ ቤት ውስጥ በቀኝሽ ብዪ፣ በቀኝሽ ጻፊ ሲሏት ያደገች፤ ራኬቱንም በቀኟ ልትይዝ ስትታገል ነበር። ማሪንን ሳሳያት ያለ አንዳች ንግግር ራኬቱን ወደ ግራዋ አዛወረችው። ጥቅሙም እውነተኛ ነው። ሁለት ቀኝ እጆች ሲጋጠሙ፣ ከቀኝ ጥግ ቀጥ ብሎ የተመታ ኳስ የሚያርፈው በተጋጣሚ ባክሃንድ፣ በደካማው ወገን ነው። የቀኝ ተጫዋች ይህን ሳያስበው ይለምደዋል። ግራኝ ስትገጥመው ግን ያው ምት ጠንካራ እጇ ላይ ያርፋል። ኳሷም ራሷ ታግዛለች፦ የተሠራችባቸው 16 ላባዎች በአንድ አቅጣጫ ተደራርበው ስለሚሰፉ ኳሷ የምትሽከረከረው በአንድ በኩል ነው፤ ስለዚህ በግራ እጅ ተቆርጣ የተመታች ድሮፕ (ከመረቡ ሥር የምትወድቅ ለስላሳ ምት) በቀኝ እጅ ከተመታችው የተለየ አካሄድ አላት። ለቀኞቹ ልጆች ደግሞ ሥራቸው ተጋጣሚያቸው ራኬቱን በየትኛው እጅ እንደያዘ ከመጀመሪያው ሰርቭ በፊት ማየት ነው።

የቻንግዡን ጨዋታ ከማሳየቴ በፊት አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። በጥር 2019 ጃካርታ ላይ፣ በኢንዶኔዥያ ማስተርስ ፍጻሜ፣ ማሪን ሳይና ኔህዋልን 10ለ4 እየመራች ሳለ የቀኝ ጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። የቻንግዡ ድል በዚያው ዓመት መስከረም ነው። ታይ ትዙ-ዪንግ ክንዷ ወዴት እንደሚመታ የማያስታውቅ ተጫዋች ናት፤ ከጉልበት ጉዳት ለተመለሰ ሰው እንደ እሷ የሚያስቸግር ተጋጣሚ አይገኝም፤ ሰውነት ወደ አንዱ ከሄደ በኋላ ወደ ሌላው እንዲመለስ ታስገድዳለችና። የመጀመሪያው ጌም 14ለ21 የሆነው በዚህ ሁኔታ ነው። ቀሪዎቹን ሁለት ጌሞች ያንን እያሰባችሁ እዩአቸው።

በ2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሊጀመር ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ደግሞ የግራ ጉልበቷ ተጎዳ፤ ወርቋን ለመከላከል አልሄደችም። ተመልሳ በ2024 ኦል ኢንግላንድ የተባለውን የእንግሊዝ ውድድር አሸነፈች። ከዚያ የፓሪሱ ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ መጣ። ከቻይናዋ ሄ ቢንግጂያዎ ጋር የመጀመሪያውን ጌም 21ለ14 ወስዳ፣ ሁለተኛውንም እየመራች ሳለ የቀኝ ጉልበቷ እንደገና ከዳት። ጉልበቷን አስራ ጥቂት ሞከረች፤ 10ለ8 ላይ አቋርጣ ወጣች። ይህን ለትንንሽ ልጆች አላሳይም። ከፍ ላሉት አንድ ጊዜ አሳያለሁ፤ አደራ፣ የወደቀችበትን ቅጽበት በዝግታ እየደጋገማችሁ አታሳዩ። ይልቅ የሽልማቱን ሥነ ሥርዓት አሳዩአቸው፦ ሄ ቢንግጂያዎ የብር ሜዳሊያዋን ስትቀበል በእጇ ትንሽ የስፔን ባጅ ይዛ ነበር።

ካያችሁ በኋላ ወደ ሜዳ ውጡ። ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጉና አንደኛው ልጅ የመጀመሪያውን ጌም 19ለ21 እንደተሸነፈ ቁጠሩለት። ሁለት ደቂቃ ዕረፍት ስጡት። በዚያ ጊዜ የሚለውጠውን አንድ ነገር ይንገራችሁ፤ አንድ ብቻ፣ ሊታይ የሚችል። «ጠንክሬ እጫወታለሁ» አይቆጠርም፤ «ሰርቩን ወደ ኋላ አረዝማለሁ» ይቆጠራል። ከዚያ እስከ 11 ይጫወቱ፤ እናንተ ያለውን ማድረግ አለማድረጉን ብቻ መዝግቡ። ቢሸነፍም ያለውን ካደረገ አመስግኑት። ቀጥሎ ቦታ ይቀያየሩ። ነፋስ ባለበት ቦታ የላባ ኳስ አይሆንም፤ አዳራሽ ከሌላችሁ የፕላስቲኩን ተጠቀሙ፤ ለዚህ ልምምድ በቂ ነው።

በአንድ ሳምንት አንድ ጨዋታ ይበቃል። ሪዮን አስቀድሙ፣ ቻንግዡን አስከትሉ፤ ኮፐንሃገንን ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ወረቀት ይዘው ያለ እናንተ እንዲያዩት ተዉላቸው።