አላርሙ እስኪጮህ አትጠብቁ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ወርጄ ቡና እጠጣለሁ። አጠገቤ የምህንድስና ተማሪዎች አይጠፉም። ኃይል ማመንጫ ውስጥ መሥራቴን ሲሰሙ ስለ ተርባይን ይጠይቁኛል። እኔ የማወራቸው ግን የማሽኑ ንባብ ስለሚጻፍበት መዝገብ ነው።

ጣና በለስ እያንዳንዳቸው 115 ሜጋ ዋት የሆኑ 4 ማሽኖች አሉት። አንዱ ድንገት ቢቆም ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ማሽን የሚያስቆመው ደግሞ ሁሌ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ።

አንድ ጊዜ፣ የጣቢያው ስም ይቅርና፣ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው ኩሽኔታ ሙቀት 56 ዲግሪ ይላል። አላርሙ የሚጮኸው 70 ላይ ነው። «ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማሽኑ ራሱን አጠፋ። መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጠን ስናይ 51፣ 53፣ 56፣ 61። ለካ የማቀዝቀዣው ውሃ ፊልትሮ በሳርና በደለል ተደፍኗል።

እናም ሙቀቱን ብቻ አትጻፉ። በዚያ ሰዓት ማሽኑ ስንት ሜጋ ዋት ላይ እንዳለና የሚገባው ውሃ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ጎኑ ላይ አስፍሩ። ጭነት ሲጨምር ሙቀትም ይጨምራል፤ እሱ በሽታ አይደለም። ጭነቱም ውሃውም እንደ ትናንቱ ሆኖ ሙቀቱ 3 ዲግሪ ከጨመረ ግን ቁጭ አትበሉ።

መጀመሪያ ፊልትሮውን እዩ። ከፊቱና ከኋላው ያሉት የግፊት መለኪያዎች ልዩነት ከሰፋ ተደፍኗል። ጥንድ ከሆነ ውሃውን በሁለተኛው አዙሩና ማሽኑን ሳታቆሙ እጠቡት። ቀጥሎ ዘይቱ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የፓምፑን ሞተር ደግሞ በካቻቢቴ አዳምጡት፤ ጫፉን ኩሽኔታውን በያዘው ብረት ላይ፣ እጀታውን ጆሯችሁ ላይ። ጤነኛ ኩሽኔታ እንደ ንብ እኩል ያጉረመርማል፣ የተበላው ይንኮሻኮሻል። ሻርፕና የተንዘላዘለ ልብስ ግን አውልቁ።

መዝገቡን ከወንበር ሳትነሱ አትሙሉ። የስድስት ሰዓታት ንባብ በአንድ ትንፋሽ ሲጻፍ ከእጅ ጽሑፉ ያስታውቃል። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ።

ውሃ መግቢያው ላይ ያለውን የብረት ወንፊትም አትርሱ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ሳሩን፣ ግንዱን፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል። ከወንፊቱ ፊትና ኋላ የውሃውን ከፍታ ለኩ። ውሃው 40 ሜትር በሚወርድበት ጣቢያ የግማሽ ሜትር ልዩነት ከመቶ አንድ በላይ ኃይል ይበላል፣ ያውም ማንም ሳያውቅ። ዝናብ ባደረ ቁጥር ጠዋት መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው፤ ቡናው ከዚያ በኋላ።